ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነህ?

ሰውዬው መናኸሪያ አካባቢ ጭነት እየጫነና እያወረደ የሚተዳደር ነበር። በ2007 ዓ.ም. ክረምት፣ ሀዋሳ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ አመሻሽ ላይ ይመጣና ባንኮኒውን በክርኑ ተደግፎ «እህቴ፣ ያንን የሳል ሽሮፕ ስጪኝ» ይለኛል። እሰጠዋለሁ። «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ» እልና ጠርሙሱን በፌስታል አድርጌ፣ ብሩን ተቀብዬ፣ ዓይኔን ከኋላው ወደ ቆመው ሰው አሻግራለሁ። እንዲህ እያልን አምስት ጠርሙስ ወሰደ።

አምስት መሆኑን የቆጠርኩት ግን ኋላ ነው። አንድ ጠዋት ባለቤቱ መጥታ፣ በጤና ጣቢያ አክታው ተመርምሮ ቲቢ እንደተገኘበት፣ የአራት ዓመት ልጃቸውም ተይዛ መድኃኒት እንደጀመረች ነገረችኝ። አራት ነፍስ ሆነው በአንዲት ክፍል ነው የሚያድሩት። እኔ ሽሮፕ እየሸጥኩለት በቆየሁባቸው ሳምንታት ሁሉ ያቺ ልጅ ከጎኑ ትተኛ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱም ስድስት ወር ሙሉ ሳያቋርጡ ወስደው ዳኑ። ከዳነ በኋላ ሲመጣ ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ፤ «አንቺ ምን አጠፋሽ እህቴ? የጠየቅሁሽን ነው የሰጠሽኝ» አለኝ። ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። እኔ ግን ያቺን ቃል እስከ ዛሬ ተሸክሜያት እዞራለሁ። ለሰው የጠየቀውን መስጠት በቂ ነው ወይ? «የጠየቀኝን ሰጠሁት» ያለ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ነጻ ይወጣል ወይ?

አበው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ሲሉ እሰማ ነበር። ተረቱ ስለ ጸሎት ቢሆንም እኔን የያዘኝ ሁለተኛው ስንኙ ነው። የሚያስለው ሌባ ጨለማ ቢያገኝ፣ ውሻው ዝም ቢልለት፣ በሩ ተከፍቶ ቢጠብቀው እንኳ ሳሉ ያጋልጠዋል። ሳል የሰውነት ምስክር ነው። ሳንባ ውስጥ የገባውን ባዕድ ነገር፣ በመተንፈሻ ቧንቧ ላይ የተጋገረውን አክታ፣ የጭስና የአቧራ ቁጣ፣ ሰውነት «እዚህ አንድ ነገር አለ» ብሎ ጮክ ብሎ የሚናገርበት ነው። አንዳንዴ የሚናገረው ቀላል ነገር ነው፤ ጉንፋን ነው፣ ያልፋል። አንዳንዴ ግን የሚናገረው የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። እኔ ምስክሩ ምን እንደሚል ሳልሰማ አምስት ጊዜ አፉን በጣፋጭ ፈሳሽ ለመዝጋት ሞከርኩ።

የሙያዬ ስም ራሱ ይከሰኛል። መድኃኒት በግዕዙ ማዳን፣ መታደግ ነው። ክርስቶስን መድኃኔ ዓለም የምንለው፣ ዓለምን ያዳነ ብለን ነው። በዚያው ቃል የራስ ምታቱን ክኒን መድኃኒት እንላለን። በዚያው ቃል ደግሞ የአይጥ መድኃኒት እንላለን፤ ጠባዩ በድንገት የተለወጠን ባል «መድኃኒት አብልታው ነው» ብለን እናማለን። አዳኙን፣ ክኒኑንና መርዙን አንድ ቃል ተሸክሟቸዋል። ከደጃፉ በላይ በትልቁ የተጻፈውን ይህን ቃል ለዓመታት እንደ ማንኛውም የሱቅ ስም አልፌው እገባ ነበር። አሁን ቀና ብዬ ሳየው፣ ከሦስቱ የትኛው እንደሚሆን የሚለየው ጠርሙሱ ብቻ እንዳልሆነ አስባለሁ። ሰጪው ዝም ብሎ ሰጠ ወይስ ጠይቆ ሰጠ የሚለውም ይለየዋል።

ጣፋጭ ፈሳሽ የዋህ ነገር ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ ኤሊክሲር ሰልፋኒላማይድ የተባለ፣ ለጉሮሮ ሕመምና ለመሳሰለው የሚሰጥ ፈሳሽ መድኃኒት ከመቶ በላይ ሰው ገደለ፤ ከሞቱት መካከል ብዙ ሕፃናት ነበሩ። አምራቹ መድኃኒቱን ያሟሟበት ዳይኤቲሊን ግላይኮል ኩላሊትን የሚያጠፋ መርዝ ነው። ሰማንያ አምስት ዓመት አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ 70 ገደማ ሕፃናት ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ሲሞቱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከሳልና ከጉንፋን ሽሮፖች ውስጥ ይኸው መርዝ መገኘቱን ለዓለም አስታወቀ። እነዚያ እናቶች የለመኑት ልጃቸው ሌሊቱን እንዲተኛላቸው ብቻ ነበር። ጥፋቱ የፋብሪካ ነው፤ የመደርደሪያው ሰው ሊያየው የሚችል አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ ዜና በኋላ የሳል ሽሮፕን «ቀላል ነገር ነው» ብዬ በግዴለሽነት ማውረድ አቃተኝ።

ያልተመረዘው፣ ጤነኛው ሽሮፕስ ምን ይሠራል? እውነቱን እናገራለሁ፤ ይህን ማለት ከተቀጠርኩበት ገበያ ጋር እንደሚያጋጨኝ አውቃለሁ። ለደረቅ ሳል የምንሰጠው ዴክስትሮሜቶርፋን፣ አክታን ያቀጥናል የምንለው ጓይፈኔሲን፣ እንቅልፍ የሚያመጣው ዳይፈንሃይድራሚን በብዙ ጥናት ተፈትሸዋል። ጥናቶቹን አንድ ላይ የገመገሙ ሰዎች ይጠቅማሉም አይጠቅሙምም ለማለት የሚያበቃ ጠንካራ ማስረጃ አላገኙም። ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጡ የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2008 መክሯል። ዓመት ለሞላው ልጅ ከመኝታ በፊት አንድ ማንኪያ ማር ከብዙዎቹ አያንስም፤ ዓመት ላልሞላው ግን ማርም ክልክል ነው፣ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ይችላልና። የጉንፋን ሳል በአማካይ 18 ቀን ያህል ይቆያል፤ ሰው ግን በሳምንት ወይም በዘጠኝ ቀን ይለቀኛል ብሎ ነው የሚጠብቀው። በዚህ ልዩነት መካከል ያለውን ጭንቀት ነው እኛ በጠርሙስ የምንሸጠው።

አንድ ጊዜ ይህን ነገር ይዤ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር ይሠራል ተብለን ተምረናል፤ በማሰብ፣ በመናገር፣ በመሥራት። «አባቴ፣ እኔ ክፉ አላሰብኩበትም፤ ክፉ አልተናገርኩትም፤ ያደረግሁትም ሥራዬን ነው። ታዲያ የሚከነክነኝ ከሦስቱ በየትኛው ነው?» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ያልተናገርሽው ቃልም ነቢብ ነው» አሉኝ። በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ እስከዚያ ቀን በፍርድ ቤት ቆሞ ለሚዋሽ ሰው ብቻ የተሰጠ አድርጌ ነበር የማየው። ሽሮፑን በዝምታ ስሰጠው ግን ዝምታዬ እየተናገረ ነበር፤ «ያለህ ቀላል ሳል ነው፤ መድኃኒቱም ይሄ ነው» እያለው ነበር። ሰውዬው አመነኝ፤ ነጭ ጋዋን ለብሼ ነበርና።

ጌታ በወንጌል ልጁ እንጀራ ሲለምነው ድንጋይ ስለሚሰጥ አባት ሲናገር፣ እንዲህ ያለ አባት እንደሌለ ሁላችንም እንስማማለን። ከባንኮኒው ኋላ ስቆም ግን ነገሩ ተገልብጦ ይመጣብኛል። ሰው እንጀራ መስሎት ድንጋዩን በስሙ ጠርቶ ይጠይቃል። «አሞክሳሲሊን ስጪኝ»፤ «ያንን ጠንካራውን ሽሮፕ ስጪኝ»፤ «ጎረቤቴን ያዳነውን ስጪኝ»። እግዚአብሔር የለመንነውን ሁሉ ስለማይሰጠን ስንት ጊዜ አኩርፈናል? እናቴ «እሱ ከልመናችን በላይ ሐሳባችንን ያውቃል» ትለኝ ነበር። እኔ እንደ እግዚአብሔር የሰው ልብ አላውቅም። የማላውቅ ከሆነ ደግሞ ያለኝ መንገድ አንድ ነው፤ መጠየቅ።

በማርቆስ ወንጌል ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ በሽታ የሚጥለው ልጁን ይዞ የመጣ አባት አለ። ያን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ አንዲቱን ዓረፍተ ነገር ግን ያየኋት ከዚያ ክረምት በኋላ ነው። ጌታ ልጁን ከመፈወሱ በፊት ወደ አባትየው ዞሮ፣ ይህ ነገር ከያዘው ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ ለምን ይጠይቃል? ትርጓሜውን ለመምህራን እተዋለሁ። እኔ የማየው ጥያቄው ምን እንዳመጣ ነው። አባትየው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው አለ፤ በዚያ አላበቃም። በእሳትና በውኃ ውስጥ እንደሚጥለው ነገረ፤ «እርዳን» የሚል ልመናውን አወጣ፤ ኋላም ማመኑንና አለማመኑን በእንባ ተናዘዘ። አንድ አጭር ጥያቄ ነው የሰውዬውን ልብ የከፈተው። የእኔም ሰው «ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነህ?» ብለው፣ ሌሊት ሌሊት ላብ እንደሚያጠምቀው፣ ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ እንዳጠበበ ይነግረኝ ነበር። ኋላ ባለቤቱ ያለችኝ ይህንኑ ነው፤ «ማን ጠይቆት!» አለችኝ።

መጠየቅ ምን ያህል ኃይል እንዳለው እዚሁ አገራችን ታይቷል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በያኔው ሲዳማ ዞን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው ሰው እንዳለ ይጠይቁ፣ አክታ ይሰበስቡ፣ የተገኘበትንም እዚያው አቅራቢያው ያክሙ ጀመር። በአክታ ምርመራ የሚገኘው የቲቢ ሕመምተኛ ቁጥር በዓመት ከ100,000 ሰው 64 የነበረው ወደ 127 ከፍ አለ። ሕክምናቸውን በሚገባ የሚጨርሱት ደግሞ ከመቶ 77 ወደ 93 ደረሱ። በሽታው በአንድ ዓመት እጥፍ አልሆነም፤ እነዚያ ሰዎች ቀድሞም እያሳሉ ነበር። የተጨመረው ከመንገዱ ዳር ደብተር ይዛ «እዚህ ቤት የሚያስለው ሰው አለ?» የምትል አንዲት ልጅ ናት። እኔ በባንኮኒዬ ላይ ሕመምተኛው ራሱ በእግሩ እየመጣልኝ ያላደረግሁትን፣ እነሱ በጭቃና በዳገት እየሄዱ አደረጉት።

በቀላሉ የሚፈጸም ነገር አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። ሥራችንን የሚያውቅ ሰው «አመሻሽ ላይ አሥር ሰው ተሰልፎ ማንን ልትጠይቂ?» ይለኛል። እውነት ነው። አሠሪዬም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን የቤት ኪራይ አለባቸው፤ ብዙ የጠየቅሁት ደንበኛ «ማዶ ያለው ይሰጠኛል» ብሎ ሲወጣ ፊታቸው ይጠቁራል። ኀፍረትም አለ። የከተማችን ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ወጣት ሴቶች አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል እየተከራዩ ይኖራሉ፤ አንዷን በጓደኞቿ ፊት «አክታሽን ተመርመሪ» ብላት፣ ማታውን ፍራሿን ይዛ ልትወጣ ትችላለች። ስለዚህ ድምፅን ዝቅ ማድረግን፣ «እስኪ ወደዚህ ጥግ ነይ» ማለትን ተማርኩ። ሁለት ሳምንት የሳለ ሁሉ ቲቢ አለበት ማለት እንዳልሆነም እነግራለሁ፤ አብዛኛው ጉንፋን ሆኖ ይቀራል። ግን ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው፤ አለመመርመር ደግሞ አብረው የሚያድሩትን ሁሉ ያስከፍላል።

ጥያቄው የሚያወጣው ቲቢን ብቻ አይደለም። ጡረታ የወጡ መምህር በየወሩ ለደም ግፊታቸው ኢናላፕሪል፣ ከዚያው ላይ ደግሞ ለደረቅ ሳላቸው ሽሮፕ ይገዙኝ ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ሳሉ የጀመረዎት መቼ ነው?» አልኳቸው። አሰቡና «ይሄን የግፊት ክኒን በጀመርኩ ሰሞን መሰለኝ» አሉኝ። ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ ክኒኑ ካልተቀየረ ሽሮፕ አያቆመውም። በራሳቸው እንዳያቋርጡት አስጠንቅቄ ለሐኪማቸው ማስታወሻ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ተቀየረላቸው፤ በሳምንታት ውስጥ ሳሉ ጠፋ። በአንድ እጄ ሳሉን፣ በሌላው እጄ የሳሉን ሽሮፕ ስሸጥላቸው ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሽሮፑ ብዙ ባይጠቅምም ልብ ካሳረፈ ምን ይጎዳል? ማጽናናትስ ምጽዋት አይደለም ወይ? አንድ ምሽት ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ እየነፈሰ፣ ልንዘጋ ስንል፣ አንዲት እናት የስምንት ወር ልጇን በነጠላዋ ሸፍና ገባች። «የሳል ሽሮፕ» አለችኝ። ለዚህ ዕድሜ እንደማይሆን ስነግራት ዓይኗ እንባ ሞላ፤ «እህቴ፣ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልመለስ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ጠርሙስ ማንሳት ምንኛ ቀላል እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል። ወንበር ሰጠኋትና የልጁን ልብስ ገለጥ አደረግን። «ደረቱ ከፍ ሲል አብረን እንቁጠር» አልኳት። በስልኬ ደቂቃ ያዝኩ። ሁለታችንም ከንፈራችንን እያንቀሳቀስን፣ ትንፋሽ ሳናሰማ ቆጠርን። አርባ አራት።

በዚህ ዕድሜ በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባት አስረዳኋት። ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ጡት አልይዝ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሌሊትም ቢሆን እንዳትጠብቅ ነገርኳት። ለተዘጋው አፍንጫው የጨው ውኃ ጠብታ ሰጠኋት፤ ጡት ቶሎ ቶሎ እንድታጠባው፣ ከሰል ከተቀጣጠለበት ክፍል እንድታርቀው ነገርኳት። ስትወጣ ገና በሩ ላይ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ትቆጥር ነበር። መቁጠር ይዛ ሄደች። ሽሮፑ የሚሰጣት ዕረፍትና ይህ ዕረፍት አንድ አይደሉም። ሽሮፑ «በቃ፣ ተደርጎለታል» ብሎ ዓይኗን ከልጁ ያነሣዋል። የሚያጽናና ውሸት ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው መመልከቱን እንዲያቆም ያደርገዋል። እውነተኛ ማጽናናት ግን ፍርሃቷን ሳይንቅ፣ የምትመለከተውን ነገር ያሳያታል።

ይህን ስል እምነትን ከመድኃኒት የማጋጨት ሐሳብ የለኝም። በከተማችን አንዱ ጸበል ይጠጣል፣ አንዱ ዱዓ ያስደርጋል፣ አንዱ ሽማግሌዎች እጅ ጭነው እንዲጸልዩለት ይሄዳል፤ ሁሉም በእኔ ባንኮኒ ያልፋል። መጽሐፈ ሲራክ ባለመድኃኒትን እንድናከብር ያዘናል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1990ዎቹ መጨረሻ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር፤ የሰሙአቸው ብዙዎች ዛሬ በሕይወት አሉ። እኔም ጸበል የያዘውን ሰው «ተወው» ብዬ አላውቅም፤ «ከጀመረህስ ስንት ጊዜ ሆነህ?» ነው የምለው። እምነቱን ሳልነካ የምጠይቀው ጥያቄ ነው፤ ጌታም የጠየቀው ነው።

እንግዲህ የሰውዬውን ቃል ይዤ ወደ መጀመሪያው እመለሳለሁ። «የጠየቅሁሽን ነው የሰጠሽኝ» ሲለኝ ይቅር እያለኝ ነበር፤ ይቅርታውን ተቀብያለሁ። ፍርዱን ግን አልተቀበልኩም። የጠየቀኝን ብቻ መስጠት ሰውን ከብሩና ከቃሉ በታች ማየት ነው፤ ከጎኑ የምታድረውን ልጅ፣ በቀበቶው ላይ የተጨመረውን ቀዳዳ አለማየት ነው። ለሸቀጥ ሱቅ ይህ በቂ ይሆናል። መድኃኒት ተብሎ በተጻፈበት ቤት አይበቃም።

ባለፈው ታኅሣሥ 18፣ በገብርኤል ዋዜማ፣ ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ፣ ባጃጁም ሰዉም መንገዱን ዘግቶት ሳለ ያ ሰው መጣ። ፀጉሩ ሸበቶ ጣል ጣል አድርጎበታል። ብቻውን አልነበረም፤ ከመናኸሪያው አብሮት የሚሠራ አንድ ቀጭን ወጣት በክንዱ ይዞ ነው። ወጣቱ እንደደረሰ ብሩን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረና «የሳል ሽሮፕ ስጪኝ» አለኝ። ሰውዬው ብሩን አንሥቶ ወደ ልጁ ኪስ እየመለሰ፣ «ቆይ፤ መጀመሪያ ትጠይቅሃለች» አለው።

ከባንኮኒው ኋላ ወጥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ጠየቅሁት። ወጣቱ መጀመሪያ ሰውዬውን፣ ቀጥሎ መሬቱን አየና «ከመስቀል ወዲህ» አለኝ።